ቦሰና ሳትቀምስ ታበስላለች

ቦሰናን «ምስኪን» የሚላት ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል። በቀደም አንዷ ዘመዴ ከአገር ቤት ደውላ «ያቺን አብራሽ የምትሠራዋን ምስኪን ሰላም በይልኝ» አለችኝና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ልዘጋው ምንም አልቀረኝም። የቷ ምስኪን? እዚህ ዓረብ አገር፣ ኾባር መጥታ ኩሽናዋን ብታየው እንዲህ አትልም ነበር። የቤቱ ጌታ ኸጣብ እንኳን፣ ያ ሲቆጣ ግቢው ጸጥ የሚልለት ሰውዬ፣ ውሃ ሊጠጣ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ «ልግባ ቦሰና?» ይላል። ወለሉ ካልደረቀ «ቆይ» ትለዋለች። ይቆያል።

እኔ ራህማ ነኝ፣ የሐይቅ ልጅ። እዚሁ ቤት ፎቁን የማጸዳው፣ ልብሱን የምተኩሰው፣ ልጆቹን ለትምህርት ቤት የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ቦሰና ደግሞ የደላንታ ናት። እኔ እስላም እሷ ክርስቲያን፣ ሁለታችንም ወሎዬ፤ ገና በተገናኘን ቀን ነው የተግባባነው። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። ስንጣላ ብቻ ቦሰና እላታለሁ፣ ያኔ ደግሞ ሳቋ ይመጣና ጠቡ ይበላሽብኛል።

የማወራችሁ ዘንድሮ በረመዳን ከዚያ ኩሽና ልትባረር ስለነበረበት ነገር ነው። ግን መጀመሪያ እንዴት እንደገባችበት ልንገራችሁ፤ አለዚያ ምን ልታጣ እንደነበር አይገባችሁም።

ቦሰና ወደዚህ አገር የመጣችው ለጽዳት ነው። መጀመሪያ ደማም የምትባል ከተማ አንድ ቤት ተቀጥራ ሠራች። እዚያ ኮንትራቷ ሲያልቅ የዛሬዋ ማዳማችን ዶክተራ ዓዋጢፍ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ደርሳ ነበርና ኸጣብ ካፊሏ፣ ማለት ዋስና አሠሪዋ፣ ሆኖ ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ወደ ኾባር አዞረው። ያኔም ሥራዋ መጥረጊያና እርጥብ ጨርቅ ነበር። ቤቱ የራሱ አብሳይ ነበረው፤ ሰውዬው አገሩ ለዕረፍት ሄዶ በዚያው ቀረ። ለጥቂት ቀን ከምግብ ቤት እየታዘዘ ተበላ። ቦሰና ይኼን እያየች ውስጧ ተቃጠለ። «ይኼ ሁሉ ሥጋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተኝቶ ከውጭ ይገዛል?» ብላ መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ ኩሽና ገባች። አልወጣችም። ማንም አላስተማራትም፤ ሰውዬው ሲያበስል እሷ ወለል እየጠረገች አፍንጫዋ ሲማር ኖሯል። የመጀመሪያውን ከብሳ፣ የሥጋ ሩዛቸውን፣ ሠርታ ስታቀርብ ኸጣብ ከምግብ ቤት የመጣ መስሎት የምግብ ቤቱን ስም ጠየቀ። ዛሬ አገር ቤት ያለችው ልጇ «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ስትባል «አብሳይ ናት» ነው የምትለው፣ የሰው ቤት ሠራተኛ ናት አትልም። ቦሰና ይኼን ስትነግረኝ አንገቷ ቀጥ ይላል።

አንድ ነገር ግን አለባት። በጾም አትቀምስም። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋውንም እርጎውንም ቅቤውንም ታበስለዋለች፤ አፏ ላይ ግን ጠብታ አይደርስም። «ቀምሰሽ ትፊው» ስላት «አፌ ከገባ ገባ ነው፣ ለማን ብዬ ነው የማታልለው?» ትለኛለች። ታዲያ የምትቀምሰው በአፍንጫዋ ነው። ክዳኑን ከፍታ እንፋሎቱን በእጇ ወደ ፊቷ ትስበውና ዓይኗን ጨፍና ትቆማለች። ከዚያ «ሎሚ ይቀረዋል» ትላለች። ወላሂ፣ ሎሚ ይቀረዋል! ጨው ብቻ አይሸትም። እሱን መዳፏ ላይ አፍስሳ ትመዝነዋለች፣ አንዴ ትበትናለች፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያንን ድስት የነካ ሰው ወዮለት።

አሁን ወደ ዶክተራ ልምጣ። ዶክተራ ዓዋጢፍ ደማም ውስጥ ኮሌጅ ታስተምራለች። የምታስተምረው ጉድ ነው፦ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ «ሀብት ምንድን ነው? የአንድ ነገር ዋጋስ ከየት ይመጣል?» እያሉ እንዴት ሲያስቡ እንደኖሩ ነው። መጀመሪያ ስሰማ «ይኼም ትምህርት ሆኖ ደሞዝ ይከፈልበታል?» ብዬ ስቄያለሁ። እሷ ግን ነገሩን ከልቧ ይዛዋለች። ክፍል ከመግባቷ በፊት ትምህርቱን ኩሽና ይዛው መጥታ በአረብኛ ለእኛ ትሰብካለች። «ቦሰና ከገባት ተማሪዎቼ ይገባቸዋል። ቦሰና ከተቆጣች ደግሞ ትምህርቱ ጥሩ ነው ማለት ነው» ትላለች።

ቦሰና ደግሞ ለመቆጣት ማን ብሏት! «ጥንት ግሪኮች ዘንድ ይኼ ትምህርት ቤትን በወጉ የማስተዳደር ትምህርት ነበር» ብላ ዶክተራ ስትነግራት «ታዲያ ዶክተሯ እኔ ነኛ! አንቺ የእንቁላሉን ቦታ እንኳን አታውቂም» አለቻት። ዶክተራ በሳቅ ወደቀች። ሌላ ቀን ደግሞ በድሮው ዘመን የእስልምና ሊቃውንት ስለ ገበያ የጻፉትን አመጣች፤ ዕቃ ሲበዛ ዋጋ እንደሚወርድ፣ ሲጠፋ እንደሚወጣ፣ ገዥ በጉልበቱ ዋጋ ቢቆርጥ ግፍ ሊሆን እንደሚችል። በአውሮፓም መነኮሳቱ «ትክክለኛ ዋጋ የትኛው ነው? ሻጭ ስንት ቢያተርፍ ኃጢአት ይሆንበታል?» እያሉ ሲጨቃጨቁ ኖረዋል አለችን። የዚያን ቀን እኔና ቦሰና የየራሳችንን ወገን ይዘን ተኩራራን።

ከዚያ ወርቅ አምላኪዎቹ መጡ። ሀብት ማለት ወርቅና ብር ነው፣ ብዙ ሸጦ ጥቂት መግዛት ነው፣ ወርቁን ቤት ውስጥ መከመር ነው ያሉት ነገሥታትና ነጋዴዎች ማለቴ ነው። ቦሰና ሽንኩርት እየከተፈች «ቀቅለው ይብሉታላ!» አለችና በዚያው ዘጋችው።

ቀጥለው የመጡት ፈረንሳዮች ናቸው። «አይ፣ ሀብት የሚመጣው ከመሬት ነው፤ እውነተኛ ሀብት የሚፈጥር ገበሬ ብቻ ነው» አሉ። ይኼን ጊዜ ቦሰና ቢላዋዋን አስቀመጠች። «እሰይ! እነዚህስ ሰው ናቸው። ገበሬውን አባቴን አይተውታል» አለች። ዶክተራ ግን ፈገግ ብላ «ቆይ አልጨረስኩም። በእነሱ አባባል አብሳይ ምንም አትፈጥርም። ስንዴውን ገበሬው ፈጥሮታል፤ አንቺ መልኩን ቀየርሽው እንጂ የጨመርሽው ነገር የለም። መካን ነሽ» አለቻት። ኧረ በአላህ! የቦሰናን ፊት ባያችሁት። «እንግዲያው ጥሬውን ስንዴ ይቆርጥሙ!» ብላ ጮኸች። ማታ ራት ስታቀርብ እንኳን ከእነዚያ ከሞቱ ስንት ዘመን ከሆናቸው ፈረንሳዮች ጋር አልታረቀችም።

ስለዚህ «ዋጋ የሚመጣው ከሥራ ነው፣ በዕቃው ውስጥ የፈሰሰው ላብ ነው ዋጋ የሚሰጠው» የሚሉት እንግሊዞች ሲመጡ ቦሰና ነገሩ እዚያ ላይ እንዲያልቅ ፈልጋ ነበር። «በቃ፣ ይኼ ነው እውነቱ። ተማሪዎችሽን ወደ ቤታቸው ላኪያቸው» አለች። ዶክተራ ግን ገና ብዙ ይቀራት ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያልን ነው ረመዳን የገባው። ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ተገጣጠሙ፤ ያ ቤት በሞላ ጾመኛ ሆነ። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ሁልጊዜ ማማ ከቢራ ትመጣለች። ማማ ከቢራ የምንላት የኸጣብን እናት ነው። አረብኛ አንቱታ የለውም እንጂ በአገሬ ብሆን አንቱ ነበር የምላቸው። የምትኖረው እዚሁ ኾባር፣ በደቡቡ ሰፈር፣ ባሏ ዓሣ ሲነግድ በሠራላት አሮጌ ቤት ነው። ልጇ «ነይ ግቢ» ቢላት አትሰማውም። ለረመዳን ብቻ ሻንጣዋን ይዛ ትመጣለች፣ ስትመጣም ዳኛ ሆና ነው የምትመጣው።

የማማ ከቢራ ችግር ደም ግፊት ነው። ሐኪሙ «ጨው ክልክል» ብሏታል። እሷ ደግሞ «የሐኪም ቃል ብሰማ ኖሮ እስካሁን ሞቼ ነበር» ባይ ናት። ስለዚህ ዶክተራ ቦሰናን በምስጢር አዛታለች፦ ማማ እዚህ ባለች ጊዜ ጨው ቀንሺ፣ እንዳትነግሪያት። ቦሰና ትቀንሳለች። ማማ ከቢራም በየዓመቱ «ይኼ ቤት ምግቡ አይጣፍጥም» እያለች ታማርራለች፣ ቦሰናም በየዓመቱ ዝም ትላለች።

ዘንድሮ ግን ማማ ከቢራ ከሰዓት በኋላ ኩሽና መጥታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቦሰና የበጉን መረቅ ክዳን ከፍታ አሽትታ መልሳ ስትዘጋ አየቻት።

«ለምን አልቀመስሽም?» አለቻት።

«ጾም ላይ ነኝ ማማ።»

«እኛም ጾም ላይ ነን። አብሳይ በምላሷ ጫፍ ነክታ ትተፋለች፣ ለሚያበስል ይፈቀዳል።»

«ለእናንተ ይፈቀድ ይሆናል። እኔ ግን በሁዳዴ ጥሉላት አፌ አይገባም» አለች ቦሰና።

ማማ ከቢራ ጭኗን መታ አደረገች። «ለካ! ለካ ስንት ዓመት ሙሉ እንጨት የሚመስል ምግብ ስበላ የኖርኩት ለዚህ ነው! የማትቀምስ አብሳይ!» የዚያኑ ዕለት ከኢፍጣር በኋላ ልጇን አስጠርታ በሁላችንም ፊት ፈረደች። ቀምሳ የምትተፋ አንዲት እስላም አብሳይ ትምጣ፤ ይቺ ደግሞ ከዒድ በኋላ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ ተመትቶላት አገሯ ትግባ። ኸላስ። ኸጣብ ለእናቱ እምቢ ማለት አያውቅም። ዶክተራም ወለል ወለሉን ታያለች። ቦሰና ግን ሳህኑን ሰብስባ ወጣች።

ልብስ መተኮሻው ክፍል አስገብቼ በሩን ዘጋሁባት። «ለምን አትነግሪያትም? ጨው የሚቀነሰው በዶክተራ ትእዛዝ ነው በያት! መቅመስ አለመቅመስ ምን አገባው?»

«ብነግራት ነገውኑ የጨው ዕቃውን ጉያዋ ታደርገዋለች» አለችኝ። «ከዚያ እሷ አልጋ ላይ ስትወድቅ ኩሽናው ለእኔ ምን ሊያደርግልኝ ነው?»

«ታዲያ አንቺ ልትባረሪ ነው?»

«ልጄን ምን ብዬ ነው የማያት? ተባርሬ መጣሁ ልበላት?» አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ተሰበረ። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ወዲያው ደግሞ «እስቲ ማን እንደሚያባርረኝ አያለሁ!» ብላ ቀና አለች።

እኔ ልቅመስልሽ፣ በምላሴ ጫፍ ነክቼ እተፋለሁ ብያት ነበር። «በአንቺ ምላስ ካበሰልኩማ አብሳይዋ አንቺ ነሽ፣ እኔ እሳት ቆስቋሽ ነኝ» ብላ አባረረችኝ። ይቺ ሴት ግትር ናት፣ ልንገራችሁ።

ዶክተራ ግን ውስጥ ውስጡን ሕሊናዋ ሲበላት ሰነበተ መሰለኝ፣ አንድ መላ አመጣች። ሐሙስ ዕለት የኮሌጅ ባልደረቦቿና ዘመዶቿ ለኢፍጣር ይመጣሉ። ቦሰና ሳትቀምስ ጀሪሽ ትሥራ፣ ማማ ከቢራ ትፍረድ። ምግቡ ካማረ ቦሰና ትቆያለች፣ ካላማረ ትሄዳለች። ጀሪሽ የተከካ ስንዴ ነው፤ በእርጎና በሥጋ መረቅ ቀስ እያለ እስኪልም ድረስ ይበስላል። የማማ ከቢራ የልጅነት ምግብ ነው፣ በእሱ ቀልድ አታውቅም። ስለዚህ ተስማማች።

ሐሙስ ጧት ዶክተራ የትምህርቷን ማለቂያ ይዛ መጣች። እንግሊዞቹ «ዋጋ ከላብ ነው» ካሉ በኋላ ሌሎች ተነሡ አለችን። እነዚህ ደግሞ «ዋጋ በዕቃው ውስጥ የለም፣ በፈላጊው ልብ ውስጥ ነው ያለው» አሉ። «ተመልከቺ ቦሰና። ዛሬ ማታ አዛን ሲል የመጀመሪያዋ ጉንጭ ውሃ ከወርቅ ትበልጣለች። ሁለተኛዋ ትንሽ ታንሳለች። አምስተኛውን ብርጭቆ ማን ይፈልገዋል? ውሃው ያው ነው፣ የተለወጠው ጠጪው ነው።»

ቦሰና ስንዴውን አጥባ ውሃውን አጠነፈፈች። «ውሃውስ እሺ፣ እውነትሽን ነው» አለች መጨረሻ ላይ። «ጀሪሼ ግን ውሃ አይደለም። ጧት ተነሥቼ የሠራሁት የመጀመሪያውም ማንኪያ የመጨረሻውም ማንኪያ ላይ አለሁበት። የጠገበ ሰው ስላልፈለገው ሥራዬ ከድስቱ ወጥቶ የት ሄደ?»

«ሥራሽ አለ። ዋጋውን የሚሰጠው ግን የሚበላው አፍ ነው» አለች ዶክተራ።

«እናያለን» አለች ቦሰና። የዚያን ቀን ፈራጁ አፍ የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ከዚያ ሥራ ተጀመረ። ቦሰና ያን ዕለት «እንደ ልቤ ነው የምሠራው» ብላ ቆርጣ ነበር። ለአንድ ቀን፣ ለእንግዳ ሲባል፣ ጨዉን በወጉ ልታደርገው፤ ለማማ ከቢራም ጥቂት ብቻ ልታቀርብላት። ጨዉን መዳፏ ላይ መዘነች፣ በተነች፣ አማሰለች፣ ከደነች። ሽታው ቤቱን ሞላው፤ ጾመኛ የሆንኩት እኔ ግድግዳ ይዤ ነበር የምሄደው። ወዲያው ማማ ከቢራ ጓዳ ያለውን ትልቁን ትሪ ፈልጊ ብላ ቦሰናን ጠራቻት፣ እሷም ወጣች።

አዛን አለ። በሴቶቹ ሳሎን በቴምርና በውሃ ጾሙ ተፈታ፣ ተሰገደ፣ ከዚያ ምግብ የሚቀርብበት ሱፍራ ተነጠፈ። እኔ ነኝ የማቀርበው። ትልቁን ትሪ መሀል፣ ቦሰና ለማማ ከቢራ የለየችላትን ትንሽ ሳህን ደግሞ ፊቷ አስቀመጥኩና ወደ ግድግዳው ሸሸሁ። ማማ ከቢራ ቢስሚላህ ብላ ቀድማ ጎረሰች። አላመጠች። ዓይኗን ጨፈነች።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች። «ይኼ ነው ጀሪሽ! የእናቴ ጀሪሽ!»

ወላሂ እልል ልል ነበር። አፌን በእጄ ያዝኩ። ዞር ብዬ ሌሎቹን ሳይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንዷ የዶክተራ ባልደረባ ውሃ አነሣች። ሌላዋም አነሣች። ሦስተኛዋ እርጎ ለመነችኝ። አጠገቧ ያለችው ልጅ ፊቷን አጨማደደች። ማማ ከቢራ ብቻ ናት፣ ስንት ዓመት ጨው የተነፈገችው ማማ ከቢራ፣ አንድ ሳህን ጨርሳ ሁለተኛ የምታስጨምረው። «ቀምሳለች!» ትላለች በጉርሻ መሀል። «እንድትቀምስ አድርጌያታለሁ! አሁን ትቆይ፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ የትም አትሄድም!»

ወደ ኩሽና በረርኩ። «እትዬ፣ ዳንሽ! ማማ ትቆይ ብላለች! ግን እንግዶቹ ውሃ በውሃ ሆኑ፣ ጨው በዝቷል መሰለኝ።»

«ጨውማ አልበዛም» አለች ቦሰና፣ መዳፏን እያየች። ይኼን ጊዜ ዶክተራ ከኋላዬ ገባች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እኔ ነኝ» አለች። «ትሪ ልትፈልጊ የወጣሽ ጊዜ። እንደ ሁልጊዜው የቀነስሽ መስሎኝ፣ እንዳትሸነፊብኝ ብዬ ጨመርኩ። እኔም ጾመኛ ነኝ፣ ልቀምሰው አልቻልኩም።»

አያችሁልኝ ጣጣውን? አንዷ በሁዳዴ አትቀምስ፣ አንዷ በረመዳን አትቀምስ፣ ሁለቱም ጨው ጨመሩ! ቦሰና እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ማማ ስንተኛ ሳህኗ ነው?»

«ሁለተኛዋን ጀምራለች» አልኳት። «ተዪያታ! ወዳዋለች፣ ትቆይ ብላለች፣ ምን ፈለግሽ?»

ቦሰና ሽርጧን ፈታ ወረወረችና ወጣች። ተከተልኳት። ሳሎኑ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ እንግዳ መሀል፣ ማማ ከቢራ ፊት በርከክ ብላ ሳህኑን ከእጇ ላይ ወሰደችው። ቀማቻት ነው የምላችሁ! ማንኪያው አየር ላይ ቀረ።

«ማማ፣ ይብቃሽ» አለች። «ጨው በጨው ላይ ሆኗል። ለሌላ ሰው ጥም ነው፣ ላንቺ በሽታ ነው። ደግሞ አልቀመስኩም። ጾም ላይ ነኝ።»

«አልቀመስሽም?» ማማ ከቢራ ዓይኗ ፈጠጠ። «እንግዲያ ይኼን ማን አጣፈጠው?»

ቦሰና የዶክተራን ስም ከምትጠራ ምላሷን ብትቆርጠው ይቀላታል፤ ደግሞም ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ ስለተንበረከከች የትም መሄጃ አልነበራትም። እኔ ለመናገር አፌን ስከፍት ዶክተራ ቀደመችኝ። በባልደረቦቿ ፊት፣ ቆማ፣ «እኔ ነኝ የጨመርኩት» አለች። «ስንት ዓመት ጨው ሲቀነስብሽ የኖረውም በእኔ ትእዛዝ ነው። ቦሰና ምንም ጥፋት የለባትም። ለጤናሽ ብዬ ደብቄሽ ነው፣ እሷም አብራኝ ዝም አለች።»

ማማ ከቢራ ዶክተራን አየች። ቦሰናን አየች። ሳህኗን አየች። ከዚያ በትሯን ተደግፋ ተነሥታ ክፍሏ ገባች፣ በሩንም ዘጋች። ሱፍራው ተነሣ።

በማግስቱ ያ በር እስከ ማታ ሲከፈት አልታየም። ዶክተራ ኩሽና መጥታ ደጋግማ ይቅርታ ጠየቀች። ከይቅርታዋ በኋላ ደግሞ ያ ትምህርቷ ተነሣባት። «ቦሰና፣ እስቲ ንገሪኝ። የወርቁንም፣ የመሬቱንም፣ የላቡንም፣ የፍላጎቱንም ሰዎች አስተምሬያለሁ። አንቺ ያሸነፍሽበትን ሳህን በገዛ እጅሽ የመንጠቅሽን ነገር ከየትኛው ጋር ላስተምረው?»

«ከየትም ጋር አታስተምሪኝ» አለች ቦሰና ድንች እየላጠች። «አንቺ ብቻ ከድስቴ ራቂልኝ።»

የዚያን ቀን ቦሰና ጀሪሽ ደገመች። ለምን እንደደገመች ስጠይቃት «የትላንቱ የእኔ አልነበረም» አለችኝ። ጨዉን እንደታዘዘችው ቀንሳ፣ አሽትታ፣ ከድና፣ ኢፍጣር ሲደርስ የማማ ከቢራን ድርሻ በሳህን አድርጋ ራሷ በሩን አንኳኩታ አስገባችላት። ባዶ እጇን ተመለሰች። ምን እንዳለቻት ስጠይቅ «ምንም» አለች። እኔ ከዒድ በኋላ ያለዚህች ሴት ያንን ቤት እንዴት እንደምችለው ሳስበው ለቅሶዬ መጣ፣ ዕቃ ማጠቢያው ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ቦሰና «እንባሽ ሳህን ውስጥ እንዳይገባ፣ እሱም ጨው አለው» ብላ ትቀልዳለች! እሷ እኮ እንዲህ ናት።

በዚህ መሀል የበትር ድምፅ ሰማን። ማማ ከቢራ ናት፣ ሳህኗን በአንድ እጇ ይዛ። በዚያ ቤት ሳህኗን ራሷ ተሸክማ አይተናት አናውቅም። ልቀበላት ስንደረደር በዓይኗ መለሰችኝና ቦሰና ፊት ሄዳ ቆመች።

«ጨው የለውም» አለች።

«የለውም ማማ» አለች ቦሰና።

ማማ ከቢራ ሳህኑን ዘረጋችላት። ተጠርጎ አልቋል። ወንበሯን ስባ፣ እንደ ምንም ተቀመጠችና በትሯን ጉልበቷ ላይ አጋደመች።

«ነገስ ምን ልታበስይልኝ ነው?» አለቻት።